በመዝሙር ሰዓት ራሱን የሚረሳ ሰው፣ እንዴት ነው የሚረሳው?

ሰባራ ባቡር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ሲያስጨንቀኝ ከርሟል።

በመዝሙር ሰዓት ራሴን ማየት አላቆምም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ እኔ «እጄ በዛ ወይስ ልክ ነው?» እያልኩ ነው። ነጠላዬ ተንሸራቷል፣ ከኋላዬ ያለችው ድምፄን እየሰማች ነው፣ ጭብጨባው ላይ አንድ ምት ቀድሜያለሁ፤ ይህንኑ ሳሰላ መዝሙሩ ያልቃል። ያደግኩት መካነ ኢየሱስ ነው። የመዝሙር መጽሐፋችንን ይዘን እንቆማለን፣ ስንኙን ሁሉ እስከ መጨረሻው እንዘምራለን፣ እንቀመጣለን። እዚያ ይህ ነገር አልነበረብኝም። አሁን የምሄድበት ጉባኤ ሞቅ ያለ ነው። አርባ ደቂቃ ሳይቋረጥ ይዘመራል፤ ሽብሸባው ሌላ፣ እልልታው ሌላ።

ይባስ ብሎ በቅርቡ ካሜራው ወደ ሕዝቡ ዞረ። ስርጭቱ ከመድረኩ በላይ ባለው ስክሪን ይታያል። እንደ ምንም ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጥ ግድግዳ አክዬ ተሰቅያለሁ። ከንፈሬ የተሳሳተ ስንኝ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ካሜራው የት እንዳለ ሳላረጋግጥ መቆም አቅቶኛል።

ራሳችሁን ረስታችሁ የምታውቁ ሰዎች ንገሩኝ፤ ምን ስታደርጉ ነው የሚመጣው? «ጸልዪ» የሚለውን ምክር አውቀዋለሁ፣ እጸልያለሁም። ሌላ ካለ ነው።

---

ናሆም ዘአዳማ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡52

እህቴ ተባረኪ። ይሄ የጠላት ሥራ ነው፤ በኢየሱስ ስም ገሥጪው። የቆምሽው በሰው ፊት ሳይሆን በጌታ ፊት ነው። አለቀ።

---

ባለ ኪቦርዱ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡30

ናሆም ወንድሜ፣ «አለቀ» ብለህ ባትዘጋው ደስ ይለኝ ነበር፤ ገና መጀመሩ ነው።

እኔ የምጽፈው ከወዲያኛው በኩል ነው፣ ከመድረክ። ኪቦርድ እጫወታለሁ። ምስጢር ላውጣ፤ ጉባኤው እጁን የሚያነሳበትን ቦታ ከመነሳቱ በፊት አውቀዋለሁ። አዝማቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ድራሙ ዝም ይላል፣ ቤዙ ዝም ይላል፣ እኔ ፓድ ብቻ፣ ማለትም ከሥር ሳይቋረጥ የሚዘልቀውን የኪቦርድ ድምፅ፣ ይዤ እቀራለሁ። ለአራት ባር ያህል የሚሰማው የሕዝቡ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ድራሙ ሲገባ ኪዩን (መዝሙሩ የሚዜምበትን የድምፅ ከፍታ) በግማሽ ቶን ከፍ እናደርገዋለን፤ እጅ ይነሳል። ጸሎት ሲሆንም ከሥር ፓዱን አልለቅም። ከለቀቅኩ የወንበሩ መንቋቋት ይሰማል፣ ሳል ይሰማል፣ ሰው ወደ ራሱ ይመለሳል።

አንድ እሁድ መብራት ጠፋብን። ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ። አዳራሻችን ምድር ቤት ስለሆነ በቀትርም ጨለማ ነው። ማይኩ ሞተ፣ ኪቦርዴ ሞተ፤ ድራመሩ ብቻውን ጥቂት መታና እሱም ተወው። እንደ ምስክርነት ሰዓት «ክብር ወረደ» ብዬ አላስጎመጃችሁም። ግማሹ ሰው ስልኩን አውጥቶ አበራ። መዘምራኑ ኪይ ጠፍቷቸው መዝሙሩ እየወረደ ሄዶ ሴቶቹ የማይደርሱበት ቦታ ገባ፤ ፊት የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። ግን ከስፒከሩ አጠገብ ሁልጊዜ እጁን አጣጥፎ የሚቆም አንድ ሰውዬ አለ። አፉ ሲከፈት አይቼ አላውቅም። በዚያ ጨለማ ሲዘምር ሰማሁት። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ሁለተኛውን ድምፅ አጥርቶ ያወጣዋል። መብራት ሲመጣ እጁን መልሶ አጣጠፈ።

ስለዚህ እህቴ፣ መንፈሳዊነትሽ ላይ ችግር አለ ብዬ አላምንም። መብራቱ ላይ ነው።

እኔ ራሴን እረሳለሁ ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፤ ግን ሰው በሚያለቅስበት መዝሙር አይደለም። ኮርዱ የሚበዛበት፣ ደጋግመን የተለማመድነው፣ እጄ የለመደው መዝሙር ላይ ነው። ክሊኩ በጆሮዬ እየቆጠረ፣ መሪያችን ወዴት እንደሚታጠፍ አንገቱን እያየሁ፣ ስለ ራሴ የማስብበት ትርፍ ጊዜ አላገኝም። የማላውቀው መዝሙር ሲመጣ ግን የሚታየኝ የገዛ ጣቴ ነው።

---

ተጠራጣሪው | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡05

ባለ ኪቦርዱ፣ ስለ ግልጽነትህ ከልብ አመሰግናለሁ። ግን የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። በግማሽ ቶን የሚነሳ እጅ ለማን ነው የተነሳው? አንተው ስታነሳው አይደለም እንዴ የሚነሳው? ይሄ እኮ ስታዲየምም አለ። ጎል ሲገባ የማላውቀውን ሰው አቅፌ ጮኬ አውቃለሁ፤ መንፈስ ቅዱስ ነው አላልኩም።

አዲስ ጥርጣሬ እንዳይመስላችሁ። አውግስጢኖስ በኑዛዜው በአሥረኛው መጽሐፍ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ዜማው ሲመስጠው እንደ በደል ይቆጥረው እንደነበር ጽፏል። መልሶ ደግሞ አዲስ አማኝ ሳለ በመዝሙር ያፈሰሰው እንባ ትዝ ይለውና መዝሙር ይቅር ለማለት ልቡ እንቢ ይለዋል። ያን የመሰለ ሰው ሳይቆርጥለት ያለፈውን ነገር እኛ በአንድ «ተባረኪ» አንዘጋውም።

ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በመንፈስም በአእምሮም እዘምራለሁ ነው ያላቸው። አእምሮዬን በር ላይ አስቀምጬ እንድገባ ማንም አልጠየቀኝም። እኔ እንደውም መዝሙሩ አልቆ ስብከት ሲጀመር ነው የምገባው። እህቴ፣ ራስሽን ማየትሽ በሽታ አይደለም፤ ነቅተሽ ስለቆምሽ ነው።

---

ባለ ኪቦርዱ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡20

የአውግስጢኖስን እቀበላለሁ። የስታዲየሙን ግን ግማሹን። ኪዩን ከፍ ሳደርግ የማይነሳ እጅ አለ፤ ምንም ሳላደርግ የሚነሳም አለ። እኔ የማዘጋጀው ክፍሉን ነው። ሰው ገብቶ ምን እንደሚያደርግበት የሱ ጉዳይ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክል ሰው አስለቃሽ አይባልም መቼም።

---

የበአታው | እሁድ፣ ከቀኑ 8፡15

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጎንደር በአታ አቋቋም (የማኅሌቱን ዜማና እንቅስቃሴ) ስማር ቆይቼ አሁን በአዲስ አበባ አገለግላለሁ። ጥያቄው ስለ መዝሙር ስለሆነ ጣልቃ ብገባ ቅር እንደማትሉኝ አምናለሁ።

ማኅሌት የሚቆም ሰው ስሜት እስኪመጣለት አይጠብቅም። ሥርዓቱ አይፈቅድለትም። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮ የለ፣ ጽናጽል የለ፣ ድምፅና ትንፋሽ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፣ መቋሚያው ወዲህና ወዲያ ይላል። ከዚያ መረግድ ነው፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል። ከዚያ ጽፋት፤ ከበሮው ይፋጠናል፣ ጽናጽሉ ይከተላል። ቃሉ ያው ነው፣ አንዱኑ ቃል ነው የምንመላለስበት። ወረብ ላይ ስትደርሱ ሌሊቱ ገፍቷል፤ እግርህ የደነዘዘው መቼ እንደሆነ አታውቀውም።

ግን ይሄ በአንድ ሌሊት አልመጣም። በመጀመሪያው ዓመቴ መቋሚያዬ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር አልገጥም ብሎኝ ማኅሌቱን ሙሉ ሳስብ የማድረው ስለ ክንዴ ነበር። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ሆነው ፊት ለፊት ነው የሚቆሙት። የኔታ አንድ ቀን ጠርተውኝ «ጎንህን አትይ፤ ፊት ለፊትህ ያለውን እይ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ጎኔን ሳይ ከሰው ጋር ራሴን አስተያያለሁ። ፊት ለፊቴን ሳይ ግን ክንዴ ሳላዘው ይከተላል።

የማኅሌታይ ያሬድን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ የተመረኮዙት ጦር እግሩ ላይ ተተከለ፤ ሁለቱም አልታወቃቸውም፤ ደሙ የታየው ዜማው ካለቀ በኋላ ነው። ይሄ ሲተረክ ሰው የሚዘላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ንጉሡም አልታወቃቸውም፤ እሳቸው ሰሚ ናቸው እንጂ ዘማሪ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ያ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ የሄደ፣ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን ስትወጣ አይቶ የተመለሰ ነው። ተጠራጣሪው ወንድማችን አእምሮዬን በር ላይ አላስቀምጥም ብለዋል፤ እኛ ዘንድም አይቀመጥም። አእምሮ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ጦሩ የማይሰማው።

---

ጃን ሜዳ | እሁድ፣ ከቀኑ 9፡02

ቃለ ሕይወት ያሰማልን መሪጌታ 🙏

የኔ ጦር እንኳ አይደለም፣ ሚስማር ነው 😅 በጥምቀት ታቦት ከጃን ሜዳ ስንሸኝ ከበሮ ይዤ ነበር። ጫማዬ ከሥሩ በሚስማር ተቦድሶ ካልሲዬ አስፋልት ሲጠርግ እንደዋለ ያየሁት ቤት ገብቼ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። ከበሮው አንገቴ ላይ ሲሆን ሰው ይየኝ አይየኝ ትዝ አይለኝም። ከበሮውን ለሌላ ሰጥቼ በሽብሸባው ብቻ ስቀር ግን ወዲያው ቀሚሴ ትዝ ይለኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

---

ናትናኤል ዘ4 ኪሎ | እሁድ፣ ከቀኑ 9፡40

እና ልዩነቱን አያችሁት? አንዱ ጋ ሥርዓት አለ፣ ሌላው ጋ የምሽት ክበብ መብራትና ኪቦርድ ነው።

---

አወያይ | እሁድ፣ ከቀኑ 10፡10

ከላይ ያለውን መልእክት ሁሉም እንዲያየው ትቼዋለሁ፤ ለሱ የተሰጡትን ሁለት ምላሾች ግን አንስቻለሁ። በዚህ ክር «የማን ቤት ይበልጣል» አይቀጥልም። ለዚያ የተከፈተ ክር አለ፤ ሂዳችሁ እዚያ ተጋተቱ።

---

የናዝሬቷ | እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡25

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። የምጽፈው በልጅ ልጄ ስልክ ነው፤ ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ።

እኔ የመሠረተ ክርስቶስ ልጅ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በ1974 ዓ.ም. ጥር ላይ ሲታሸግ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነበርኩ። መሪዎቻችን ታሰሩ፣ ሕንፃው ተወሰደ። ያኔ አምስት ሺህ ገደማ ነበርን። ከዚያ በኋላ በየቤቱ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆንን መሰብሰብ ሆነ። አንድ ላይ አንገባም፤ አንዱ ዳቦ ይዞ፣ አንዷ የታመመ ሰው እንደምትጠይቅ ሆና፣ በየተራ ነው። ጫማችንን ደጅ አንተውም፣ ሲቆጠር ያስነቃላ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል።

ታዲያ መዝሙር አልቀረም። በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። ጭብጨባችን በሁለት ጣት፣ መዳፍ ላይ ነው፤ ከጎንህ ያለው ይሰማዋል፣ ግድግዳው አይሰማውም። እልልታ በልብ ነው። ባለ ኪቦርዱ ልጄ፣ ኪይ የሚባል ነገር ማን አውቆት፤ ሹክሹክታ ኪይ የለውም።

አንቺ ልጄ ራስሽን የመርሳት ነገር ጠየቅሽ። እኛ ራሳችንን ለመርሳት አንችልም ነበር። ድምፅ ከፍ ካለ የቀበሌ ሰው ይመጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዳችን ድምፃችንን እየጠበቅን ነው። አንድ ጆሮ ለመዝሙሩ፣ አንድ ጆሮ ለበሩ። እንዲያም ሆኖ የቤቱ ባለቤት «በቃ መሽቷል» ስትለን ደንግጠን ሰዓት የምናይበት ጊዜ ነበረ። እንዴት እንደሚሆን እንጃ። እየጠበቅንም እየረሳንም ነበርን።

---

ሳይኮ 3ኛ ዓመት | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡00

እትዬ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ያክብርልን።

ከትምህርቴ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ ለሰባራ ባቡር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት አለ። ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወደተሰበሰበበት ክፍል አስገቧቸው። «ስንቱ ያየልህ ይመስልሃል?» ሲባሉ ግማሽ ያህሉ አይቶኛል ብለው ገመቱ፤ ሥዕሉን በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ያህል ብቻ ነበር። ነጠላሽ መንሸራተቱን ያየ ሰው ካሰብሽው በግማሽ ያነሰ ነው ማለት ነው። የቀረውም የራሱን ነጠላ እያሰበ ነው።

ሁለተኛው ለተጠራጣሪው። በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድኑ ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው የሚዘምሩ ወጣቶችን የልብ ምት ለክተው ነበር። ስንኙ ሲረዝም ትንፋሹ ይረዝማል። ሁሉም በአንድ ቦታ ሲተነፍስ የልብ ምታቸውም አብሮ ይፈጥናል፣ አብሮ ይዘገያል። ያን የሚያደርገው ትንፋሹ ነው፤ ግማሽ ቶኑ ዋናው አይደለም። የእትዬ ሹክሹክታም ትንፋሽ ነው። መሪጌታ ያሉት ቁም ዜማም ከበሮ ሳይገባ እዚያው ይሠራል። ይሄ ለማን እንደሚዘመር አይነግረንም፤ ሰውነት ምን እንደሚያደርግ ግን ይነግረናል።

---

ፋርዋኒያ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡48

ሰላም ቅዱሳን፣ ከኩዌት ነው። ሳይኮ ወንድሜ ያልከው ጥሩ ነው፤ ግን ሰው እኮ በእውነትም የሚታይ አለ። እኔ የምሠራው ሰው ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ካሜራ አለ፣ ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ አለ። ማዳም ሥራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ታየኛለች፤ ሽንኩርት ስከትፍ ደውላ «ቀጭን አድርጊው» ትለኛለች። ሲመሽ ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ እንኳ ትከሻዬ አይወርድም።

እረፍቴ ዓርብ ነው። የምንሰበሰብበት ግቢ የብዙ አገር ሰው ያለበት ነው፤ ህንዶቹ ሲወጡ ፊሊፒኖቹ ይገባሉ፣ እኛ ደግሞ የኛ ሰዓት ሲደርስ እንገባለን። ወንበሩ ገና ከነሙቀቱ ነው። የኛ ኪቦርድ ሁለት ቁልፉ አይሠራም፣ መሪያችን ድምፁ ያን ያህል አይደለም፣ ሽብሸባውም እንደየሰፈሩ ነው፤ የወላይታዋ በወላይታኛ፣ የጎጃሟ በትከሻ። እኔ ግን ገና «ሃሌ ሉያ» ሲባል ሄጃለሁ። ቆንጆ ስለተዘመረ አይደለም። ለሁለት ሰዓት ማንም «ቀጭን አድርጊው» የሚለኝ የለም።

ዓርብ የማይለቀቁ እህቶች አሉን። ስልክ በኪሳቸው፣ በአንድ ጆሮ ሰምተው፣ ሰሃን እያጠቡ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ነው አብረውን የሚዘምሩት። እትዬ ናዝሬት የጻፉትን አንብቤ ለነሱ ላክሁላቸው። አንዷ «ታዲያ እኛ ደርግ ላይ ነን በያ» ብላ መለሰችልኝ 😂

---

ተጠራጣሪው | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ፋርዋኒያ እህቴ፣ ያንቺን አንብቤ ስታዲየሙን አነሳለሁ። ጥርጣሬዬን ግን አላነሳም 🙂

አንድ ነገር ግን ስንት ዓመት የሰማሁትን ታሪክ አሁን በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጎኛል። ዳዊት በታቦቱ ፊት የዘለለበትን፣ 2ኛ ሳሙኤል 6ን። ሁልጊዜ ሲሰበክ «ዳዊት ራሱን ረሳ» ነው የሚባለው። ጽሑፉ ግን እንዲያ አይልም። ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው፤ ፊት ለፊት ነገረችው፤ እሱም በሰው ዓይን ምን እንደመሰለ በደንብ እንደገባው ነው የመለሰላት። ከዚህም በላይ ዝቅ እላለሁ አላት። መታየቱን ያውቅ ነበር። የማያውቅ ሰው እንዲህ አይመልስም። የዓይን መኖር አልቀረለትም፤ የሜልኮል ዓይን ግን ከሌላው አነሰበት። ይሄ ለኔ ዓይነቱ ሰው ይመቸዋል። ራሱን መርሳት የማይችል ሰውም መዝለል ይችላል ማለት ነው። (እዘላለሁ አላልኩም።)

---

የበአታው | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ትክክል ብለዋል። በእኛም ዘንድ ካህናቱ በታቦት ፊት የሚያሸበሽቡት ያንኑ የዳዊትን ሥርዓት ይዘው ነው። ሜዳ ሙሉ ሰው እያያቸው ነው፣ ያውቃሉ። አሁን ደግሞ ሁሉም ስልክ ቀስሯል። ባይታዩ ይሻላቸው እንደሆነ አንድ አባት ጠይቄ ነበር። «ልብሱ ለመታየት ነው የተሠራው፣ እኔ ተሸካሚ ነኝ» አሉኝ። ጃን ሜዳ እህታችን ከበሮውን ሲይዙ የሚረሱት፣ ሲለቁት የሚያስታውሱት ነገርም እዚያው ይመስለኛል። የተሸከሙት አለ።

---

ሰባራ ባቡር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ይሄን ሁሉ መልስ አልጠበቅኩም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ናሆምንም ጭምር 🙂

መሪጌታ «ፊት ለፊትህን እይ» ያሉት ላይ ቆምኩ። የልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ለምን አላስቸገረኝም ብዬ ሳስብ፣ መጽሐፉ ነበረኝ። ስንኙን እከተላለሁ፣ ገጹን እገልጣለሁ፤ ዓይኔ ሥራ ነበረው። አሁን ግጥሙ በስክሪን ሲታይም ግማሹን አላውቀውም፤ በየሳምንቱ አዲስ መዝሙር ነው። ባለ ኪቦርዱ፣ እናንተስ ጋ ለምንድን ነው ይሄን ያህል አዲስ የሚበዛው? ሕዝቡ ሳይለምደው ሌላ ታመጣላችሁ።

ከናዝሬቷ እናቴ ደግሞ አንድ ልጠይቅ፤ ከፈቀዱ። በ1983 ሲከፈት እንዴት ሆናችሁ? ያን ቀን ጮክ ብላችሁ ስትዘምሩ ራሳችሁን ሳትረሱ አትቀሩም።

---

ባለ ኪቦርዱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጥያቄሽ አሳመመኝ ምክንያቱም ልክ ነሽ። አዲስ የምናመጣው እኛ ስለሚሰለቸን ነው። ልምምድ ላይ አንዱን መዝሙር ደጋግመን ተጫውተን እሁድ ሲደርስ እኛ ጠግበናል፣ ሕዝቡ ገና ሊቀምሰው ነው። በሚቀጥለው ወር አንድ መዝሙር አራቱንም እሁድ እንያዝ ብዬ ለመሪያችን ቴሌግራም ላይ ጽፌለታለሁ። አይቶታል፤ ሰማያዊ ባይሆንም ሁለት ጭረት አለ።

---

ሳይኮ 3ኛ ዓመት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

ቴሌግራም ላይ ሁለት ጭረት ካለ አንብቦታል 😄 ዝም ካለ አልተስማማም።

---

የናዝሬቷ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ልጄ፣ እንዳሰብሽው አልሆነም።

ስንዘጋ አምስት ሺህ ነበርን አልኩ አይደል? ስንወጣ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነናል። ብዙዎቹ የዳኑት በየቤቱ ነው፤ ከአሥር ሰው በላይ አንድ ላይ ሲዘምር ሰምተው አያውቁም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ተሰበሰበ። መሪው «እንዘምር» አለ። የማውቀው መዝሙር ነው፣ ሺህ ጊዜ ዘምሬዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ያው ሹክሹክታ ነው። ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም እንደዚያው ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያንሾካሹክ አስቢው።

መሪው «ጮክ በሉ እንጂ ወገኖቼ፣ ማን ይሰማናል ብላችሁ ነው?» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። እኔ አፈርኩ። እውነቴን ነው፤ የገዛ ድምፄን ጮክ ብሎ ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ እኔን ብቻ የሚሰማኝ መሰለኝ። ልክ አሁን አንቺ እንደምትዪው። በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ ያልነበረብኝ እፍረት በሩ ሲከፈት መጣ። አጠገቤ የነበረች ልጅ ጭብጨባውን አሁንም በሁለት ጣት ነው የምታጨበጭበው። መዳፏን ይዤ በሙሉ እጇ አስመታኋት፤ እሷም የኔን ያዘች። ድምፃችንን እስክንለቅ ግን ብዙ ጊዜ ወሰደብን።

አሁን ደግሞ ሌላ መከራ መጥቷል። የልጅ ልጆቼ ቤተ ክርስቲያን ስፒከሩ ደረቴን ይመታኛል፤ ጆሮዬ ላይ ጥጥ አድርጌ ነው የምቀመጠው። ባለ ኪቦርዱ ልጄ፣ ሰምተሃል?

---

ባለ ኪቦርዱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

ሰምቻለሁ እትዬ። ሳውንድ የሚሠራው ልጅ ግን አይሰማም፤ ጆሮው ሄዷል። ከስፒከሩ ፊት ሳይሆን ከኋላው በኩል፣ በግራ ግድግዳ ጥግ ይቀመጡ፤ እዚያ ይቀንሳል።

---

የናዝሬቷ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ግራ ግድግዳ ጥግ እጁን ያጣጠፈ ሰውዬ ቆሞበታል እኮ።

---

ባለ ኪቦርዱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡56

እትዬ?? የት ነው የሚያመልኩት?